ሙቀት ኮረንቲ ሲሆን፦ የሁለት መቶ ዓመት ጉዞ

በ1820 ዴንማርካዊው የፊዚክስ መምህር ሐንስ ክርስቲያን ኧርስቴድ፣ ኮረንቲ የሚያልፍበት ሽቦ አጠገቡ ያለችን የኮምፓስ መርፌ እንደሚያዞር አሳየ። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው።) ወሬው የአውሮፓን ቤተ ሙከራዎች ፈጥኖ አዳረሰ፤ ሽቦና ኮምፓስ ያለው ሁሉ ነገሩን በዓይኑ ሊያይ ተነሣ። ከተነሡት አንዱ በርሊን የሚኖረው ቶማስ ዮሐን ዜቤክ ነበር። ዜቤክ በዛሬዋ የኢስቶኒያ ዋና ከተማ በታሊን ተወልዶ ጀርመን አገር ሕክምና የተማረ፣ ኋላ ግን ሕክምናውን ትቶ ለፊዚክስ ያደረ፣ ከገጣሚው ከጎተ ጋር ስለ ብርሃንና ስለ ቀለም ሲመራመር የቆየ ሰው ነው።

በ1821 ዜቤክ ከቢስሙዝና ከመዳብ ቀለበት ሠራ። ሁለቱን ብረቶች ጫፍና ጫፋቸውን አገናኝቶ በመሐላቸው ኮምፓስ አኖረ። ባትሪ አልነበረውም፤ አሲድም አልነበረውም። ሆኖም አንዱን መጋጠሚያ በእጁ ሲጫነው መርፌዋ ፈቀቅ አለች። የእጁ እርጥበት ይሆን ብሎ ጠረጠረና ፈተሸ፤ ምክንያቱ የእጁ ሙቀት ሆኖ ተገኘ። መጋጠሚያውን በመብራት ሲያሞቀው መርፌዋ ይበልጥ ዞረች። አንዱ ጫፍ ሞቆ ሌላው ቀዝቅዞ እስከቆየ ድረስ ወደ ቦታዋ አልተመለሰችም።

ዜቤክ ያየው እውነት ነበር፤ የሰጠው ትርጓሜ ግን ሳተ። ሙቀት በቀጥታ መግነጢስን ይፈጥራል ብሎ አመነ። የምድርን መግነጢስ እንኳ በሞቃታማው የምድር ወገብና በቀዝቃዛዎቹ ዋልታዎች መካከል ባለው የሙቀት ልዩነት ሊያስረዳ ሞከረ። በቀለበቱ ውስጥ የሚዞረው ኮረንቲ መሆኑን የተረዳው ያው ኧርስቴድ ነው፤ «ቴርሞኤሌክትሪክ» የሚለውን ስም ያወጣውም እሱ ነው። ዜቤክ ግን በትርጓሜ ቢሳሳትም በትጋት አልተሳሳተም። ከብረታ ብረት እስከ ማዕድን ያገኘውን ሁሉ በየተራ ፈትሾ በቅደም ተከተል መዘገበ። በዝርዝሩ ውስጥ ዛሬ ሴሚኮንዳክተር ብለን የምንጠራቸው ማዕድናትም ነበሩ። መቶ ዓመት ካለፈ በኋላ ሶቪየታዊው ሳይንቲስት አብራም ዮፌ ይህን ዝርዝር አይቶ ተገረመ፤ ዜቤክ ከመዘገባቸው ውስጥ የተሻሉትን ሁለቱን አጣምሮ ጄኔሬተር ቢሠራ ኖሮ ከሙቀቱ 3 በመቶ ያህሉን ወደ ኤሌክትሪክ ሊለውጥ ይችል እንደነበር አሰላ። ያ በዘመኑ ከነበሩት ጥሩ የእንፋሎት ሞተሮች ጋር የሚቀራረብ ነው። መልሱ በእጁ ነበር፤ ጥያቄው ግን ገና አልተጠየቀም።

የነገሩ አሠራር በዛሬ ዕውቀት ሲታይ ይህን ይመስላል። በአንድ ዘንግ ሞቃት ጫፍ ያሉ ኤሌክትሮኖች የበለጠ ጉልበት ስላላቸው ወደ ቀዝቃዛው ጫፍ ይጎርፋሉ፤ በዚህም በሁለቱ ጫፎች መካከል አነስተኛ ቮልቴጅ ይፈጠራል። መጠኑ ከቁስ ወደ ቁስ ይለያያል። ስለዚህ ሁለት የተለያዩ ቁሶችን አጋጥመን አንዱን መጋጠሚያ ብናሞቅ ልዩነቱ ይተርፈንና ኮረንቲ ይዞራል። የሚሽከረከር ነገር የለም፤ ጩኸት የለም፤ ዘይት የሚፈልግ ማርሽ የለም። ይህ ባሕርይ የዚህን ሥራ ዕጣ እስከ ዛሬ ወስኖታል።

የመጀመሪያው ትልቅ ውለታ የተገኘው ከቤተ ሙከራ ነው። በ1826 ጀርመናዊው መምህር ጌኦርግ ኦም ስለ ኮረንቲና ስለ ሽቦ መቋቋም ሲመራመር የዘመኑ ባትሪዎች አልረጋ ብለው አስቸገሩት፤ ኃይላቸው ሥራ ላይ እያሉ ይዋዥቅ ነበር። ፖገንዶርፍ የተባለ የፊዚክስ ሊቅ በቢስሙዝና በመዳብ መጋጠሚያ ተጠቀም አለው። ኦም አንዱን ጫፍ በሚፈላ ውኃ፣ ሌላውን በበረዶ ውስጥ ነከረ። ውኃ የሚፈላበትና በረዶ የሚቀልጥበት ሙቀት ስለማይለዋወጥ ኮረንቲውም ቀጥ አለ። ዛሬ በትምህርት ቤት የሚጠናው የኦም ሕግ የተገኘው በዚህ መንገድ ነው።

ከዚያ በኋላ በ1834 ሰዓት ሠሪ የነበረው ፈረንሳዊው ዣን ፔልቲዬ የነገሩን ግልባጭ አገኘ፤ በመጋጠሚያው ኮረንቲ ሲላክ አንዱ ጫፍ ይሞቃል፣ ሌላው ይቀዘቅዛል። በ1838 ሄንሪክ ሌንዝ በሴንት ፒተርስበርግ የውኃ ጠብታ በቢስሙዝና በአንቲሞኒ መጋጠሚያ ላይ አኑሮ በኮረንቲ አረጋው፤ የኮረንቲውን አቅጣጫ ገልብጦ ደግሞ አቀለጠው። በ1850ዎቹ ዊልያም ቶምሰን፣ በኋላ ሎርድ ኬልቪን የተባለው፣ ሁለቱ ክስተቶች የአንድ ነገር ሁለት ገጽ መሆናቸውን በሒሳብ አሳየ።

ሊቃውንቱ ይህን ሲያጣሩ ነጋዴዎችም አልተኙም። በ1870ዎቹ ፓሪስ ውስጥ ክላሞን የተባለ ፈልሳፊ በከተማ ጋዝ የሚሞቅ ጄኔሬተር ሠርቶ ለገበያ አቀረበ፤ ብረትን በወርቅ ወይም በብር የሚለብጡ ወርክሾፖች ገዙት። ኋላ የሠራው በኮክ ከሰል የሚነድ ትልቁ መሣሪያው ከሰው ቁመት ይበልጥ ነበር። ይሁንና የሚሽከረከሩት ዳይናሞዎች በዚያው ዘመን እየረከሱና እየበረቱ መጡ፤ የክላሞን መሣሪያም ከገበያ ጠፋ።

ያሸነፈው ምን ነበር? ብረታ ብረት ኮረንቲን በደንብ ቢያስተላልፍም ሙቀትንም በዚያው ልክ ያስተላልፋል። ከሞቃቱ ጫፍ የገባው ሙቀት ሥራ ሳይሠራ ወደ ቀዝቃዛው ጫፍ ያልፋል፤ በተቀደደ እንስራ ውኃ እንደመቅዳት ነው። ከ1909 እስከ 1911 ጀርመናዊው ኤድሙንድ አልተንኪርሽ የሚፈለገውን ቁስ ባሕርይ በቁጥር አስቀመጠ፦ ለአንድ ዲግሪ ልዩነት ብዙ ቮልቴጅ የሚሰጥ፣ ኮረንቲን በቀላሉ የሚያሳልፍ፣ ሙቀትን ግን የሚያግድ። ሦስቱን አስማምቶ የያዘ ብረት በዘመኑ አልተገኘም። ጥያቄው ግን አሁን በትክክል ተጠይቋል።

መልሱን ፍለጋ የተነሣው ቅድም ያነሣሁት አብራም ዮፌ ነው። ዮፌ በ1880 በዛሬዋ ዩክሬን፣ ሮምኒ በምትባል ከተማ ተወለደ፤ ሙኒክ ሄዶ ኤክስሬይን ካገኘው ከሮንትገን ጋር ሠራ፤ ከሩሲያ አብዮት በኋላም፣ ኋላ ሌኒንግራድ በተባለችው ከተማ ስመ ጥር የፊዚክስ ተቋም መሠረተ። በ1920ዎቹ መጨረሻ ላይ ብዙዎች እንደ ቆሻሻ የሚያዩዋቸውን ሴሚኮንዳክተሮች ማጥናት ያዘ። እነዚህ ቁሶች ከብረት ያነሱ፣ ከሸክላ የተሻሉ አስተላላፊዎች ናቸው፤ በውስጣቸው የሚገባውን ባዕድ ንጥረ ነገር በመቆጣጠር ባሕርያቸውን መግራት ይቻላል። ዮፌ የቴርሞኤሌክትሪክ ተስፋ ያለው እዚህ ነው ብሎ ቆረጠ።

ጦርነቱ ነገሩን አፈጠነው። ጀርመን ሶቪየት ኅብረትን በ1941 ስትወር በጫካ የቀሩ ሽምቅ ተዋጊዎች ከማዕከል ጋር የሚገናኙት በሬዲዮ ነበር። የሬዲዮው ባትሪ ሲያልቅ ግንኙነቱም ያልቃል፤ አዲስ ባትሪ በአውሮፕላን መጣል ደግሞ አደገኛና አስተማማኝ ያልሆነ ሥራ ነው። የዮፌ ሰዎች መፍትሔውን በድስት ውስጥ አገኙት። በድስቱ ታች የዚንክና የአንቲሞኒ ቅይጥን ኮንስታንታን ከተባለ ሌላ ቅይጥ ጋር ያጋጠሙ ክፍሎች ተደረደሩ። ድስቱ ውኃ ተሞልቶ እሳት ላይ ይንጠለጠላል፤ ታችኛውን ገጽ ነበልባሉ ይገርፈዋል፣ ላይኛውን ውኃው ያቀዘቅዘዋል። ውኃ እየፈላም ቢሆን ከ100 ዲግሪ አያልፍም፤ ስለዚህ በሁለቱ ገጾች መካከል ከ250 እስከ 300 ዲግሪ የሚደርስ ልዩነት ይጠበቃል። የሚወጣው ጥቂት ዋት ብቻ ቢሆንም አነስተኛ ሬዲዮ ለማሠራት በቂ ነው። መሣሪያው «የሽምቅ ተዋጊው ድስት» ተባለ። ውኃው ደግሞ ለሻይ ይሆናል።

ሰላም ሲሆን ይኸው ሐሳብ ወደ ገበሬው ቤት ገባ። መብራት ላልደረሰባቸው የሶቪየት መንደሮች በነጭ ጋዝ ፋኖስ ላይ የሚገጠም ጄኔሬተር ተመረተ። ከፋኖሱ ብርጭቆ በላይ የሚወጣው ትኩስ አየር ያለ ጥቅም ወደ ጣሪያ የሚሄድ ነው። መሣሪያው በዚያ አየር መንገድ ላይ ተሰቅሎ፣ ዙሪያውን በተዘረጉ የብረት ክንፎች እየቀዘቀዘ፣ 3 ዋት ያህል ይሰጥ ነበር፤ ይህም ለገጠር ተብሎ የተሠራውን ሮዲና የተባለ የባትሪ ሬዲዮ ያሠራል። ቤተሰቡ በአንዱ ፋኖስ ብርሃን ተቀምጦ ከዚያው ፋኖስ በሚያመልጠው ሙቀት ዜና ያዳምጣል። የሚባክን ሙቀትን ወደ ኤሌክትሪክ በመለወጥ ታሪክ ውስጥ ከዚህ ፋኖስ የበለጠ ቁም ነገር ያለው ዕቃ አላውቅም። ተጨማሪ ነዳጅ አልጠየቀም፣ ተጨማሪ እሳት አልጠየቀም፣ ለሰውም የሚፈልገውን ሰጠ።

ዮፌ በ1950 በስታሊን የመጨረሻ ዓመታት በአይሁዶች ላይ በተካሄደው ዘመቻ ምክንያት ከመሠረተው ተቋም አመራር ተነሣ። ሰባ ዓመት የሞላው ሽማግሌ ግን ሥራውን አላቆመም፤ አነስተኛ የሴሚኮንዳክተር ቤተ ሙከራ ይዞ ቀጠለ፤ የጻፋቸውም መጻሕፍት በምዕራቡም ዓለም የዘርፉ መማሪያ ሆኑ። በ1960 አረፈ። እንግሊዝ አገር ደግሞ በ1954 ጁልያን ጎልድስሚድና ባልደረባው ቢስሙዝ ቴሉራይድ የተባለውን ውሕድ አቀረቡ፤ ከክፍል ሙቀት ብዙ በማይርቅ ሙቀት ለሚሠሩ መሣሪያዎች እስካሁን የሚገለገሉበት እሱን ነው።

በዚያው በ1954 በአሜሪካ ኦሃዮ ግዛት፣ ማውንድ በተባለው ቤተ ሙከራ፣ ኬኔት ጆርዳንና ጆን በርደን የጨረራ ንጥረ ነገር በሆነው በፖሎኒየም ሙቀት ውኃ አፍልተው ኤሌክትሪክ ለማውጣት ይታገሉ ነበር። አልሆን ሲላቸው እንፋሎቱን ትተው ሙቀቱን በቀጥታ ወደ ቴርሞኤሌክትሪክ መጋጠሚያዎች መሩት። እሳት የማያስፈልገው፣ ለዓመታት ራሱን የሚያሞቅ ጄኔሬተር በዚህ ተወለደ። በጥር 1959 አንዱ ናሙና በፕሬዚዳንት አይዘንሃወር ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ ታየ፤ በሰኔ 1961 ደግሞ ትራንዚት 4ኤ የተባለች የባሕር ኃይል ሳተላይት 2.7 ዋት የሚሰጥ የፕሉቶኒየም ጄኔሬተር ይዛ ወጣች።

መንገዱ ግን አልጋ በአልጋ አልነበረም። በ1964 ከዚሁ ተከታታይ አንዷ ሳተላይት ምሕዋሯን ስትስት ፕሉቶኒየሙ በከባቢ አየር ውስጥ ነድዶ ተበተነ። ከዚያ ወዲህ መሐንዲሶቹ ነዳጁ ቢወድቅም ሳይሰበር እንዲደርስ አድርገው ማሸግ ጀመሩ። በ1968 ኒምበስ የተባለችው የአየር ጠባይ ሳተላይት ስትከሽፍ ጄኔሬተሮቿ ከካሊፎርኒያ ባሕር ዳርቻ ሳይጎዱ ወጡ፤ ነዳጃቸውም በቀጣዩ ዓመት በሌላ ሳተላይት ውስጥ አገለገለ። በኅዳር 1969 የአፖሎ 12 ጠፈርተኛ አለን ቢን ጨረቃ ላይ ቆሞ የጄኔሬተሩን ትኩስ ፕሉቶኒየም ከማሸጊያው ሊያወጣ ሲሞክር ነዳጁ ተቀርቅሮ እምቢ አለ፤ ጓደኛው ፒት ኮንራድ በመዶሻ እየመታ አላቀቀለት።

ከዚያ ቮዬጀር መጣች። ሁለቱ የቮዬጀር የጠፈር መንኮራኩሮች በነሐሴና በመስከረም 1977 ተነሡ። እያንዳንዳቸው ሦስት ጄኔሬተር ይዘዋል፤ ሦስቱ በአንድ ላይ ሲነሡ 470 ዋት ያህል ይሰጡ ነበር። ለዚህ የሚያስፈልገው ሙቀት 7,000 ዋት ገደማ ነው፤ ማለትም ከ100 ክፍል ሙቀት 93ቱ ወደ ጠፈር ይጠፋል። ለፋብሪካ ቢሆን ይህ ኪሳራ ነው። የፀሐይ ብርሃን ከዋክብት እስኪመስል በሚደክምበት ርቀት ግን ሌላ አማራጭ የለም። ፕሉቶኒየም 238 በ87.7 ዓመት በግማሽ ይቀንሳል፤ መጋጠሚያዎቹም ያረጃሉ፤ ስለዚህ ኃይሉ በየዓመቱ 4 ዋት ያህል እየቀነሰ፣ መሐንዲሶቹም መሣሪያዎቹን አንድ በአንድ እያጠፉ ቀጠሉ። ቮዬጀር 1 በ2012፣ ቮዬጀር 2 በ2018 የፀሐይን ነፋስ ድንበር አልፈው ወደ ከዋክብት መካከል ገቡ። በእነዚያ ሁሉ ዓመታት ጄኔሬተሩን የነካው እጅ የለም።

ሶቪየቶችም ይህንኑ ዘዴ ወደ ሰሜን ዋልታ ዳርቻ ወሰዱት። ሰው በማይኖርበት የበረዶ ጠረፍ ለመርከቦች መንገድ የሚያሳዩ መብራት ማማዎች በስትሮንቲየም 90 ሙቀት ይሠሩ ነበር፤ በአጠቃላይ 1,000 ያህል ጄኔሬተሮች ተመርተዋል። ሶቪየት ኅብረት ስትፈርስ ጠባቂም መዝገብም ጠፋ። በታኅሣሥ 2001 በጆርጂያ ሪፐብሊክ፣ ሊያ ከምትባል መንደር የወጡ ሦስት ሰዎች እንጨት ለመልቀም ጫካ ገብተው ሁለት ትንንሽ የብረት ዕቃዎች አገኙ። በዙሪያቸው በረዶው ቀልጦ ነበር። ብርዱ ያይላል፤ ዕቃዎቹ ይሞቃሉ፤ ሰዎቹም ሌሊቱን አጠገባቸው አደሩ። ከሰዓታት በኋላ ማስታወክ ጀመሩ፤ ጀርባቸው ተቃጠለ። ዕቃዎቹ በ1980ዎቹ ለሬዲዮ ማስተላለፊያ ጣቢያ ተብለው መጥተው ከተጣሉ ጄኔሬተሮች የወጡ የስትሮንቲየም ምንጮች ነበሩ። በቀጣዩ የካቲት በዓለም አቀፉ የአቶሚክ ኃይል ኤጀንሲ እገዛ ሲነሡ፣ እያንዳንዱ ሠራተኛ ለሰከንዶች ብቻ ቀርቦ እየተፈራረቀ ነው የተሠራው። ከሦስቱ አንዱ ከሁለት ዓመት በላይ ከታከመ በኋላ በ2004 ሞተ። የሰሜኑ ማማዎች ከዚያ ወዲህ በሌሎች አገሮች ድጋፍ እየተሰበሰቡ በፀሐይ ኃይል ተተኩ። ይህን ታሪክ የሚጽፍ ሰው ቮዬጀርን አወድሶ ሊያን ቢዘል ግማሹን ብቻ ነው የሚናገረው።

ስለ መኪና እናውራ፤ የሚባክን ሙቀት ሲባል ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚያስበው እሱን ነውና። በቤንዚን ሞተር ውስጥ ከሚነደው ነዳጅ ጉልበት ሲሶው ያህል በማርሚታ፣ ሲሶው ያህል በራዲያተር ይወጣል። በ1980ዎቹ መጨረሻ ጀርመን ውስጥ በፖርሽ መኪና ማርሚታ ላይ ጄኔሬተር ተገጥሞ ተሞከረ፤ የተገኘው አሥሮች ዋት ብቻ ነበር። በ1993 የማሳቹሴትስ ቴክኖሎጂ ተቋም ተመራማሪዎች ሂክስና ሚልድረድ ድረስልሃውስ ቁሱ እጅግ ቀጭን ሆኖ ቢሠራ ብቃቱ በእጅጉ ሊጨምር እንደሚችል በስሌት ሲያሳዩ ተስፋው እንደገና ለመለመ። በ2000ዎቹ የአሜሪካ ኢነርጂ ሚኒስቴር ገንዘብ አፈሰሰ፤ ቢኤምደብልዩ፣ ፎርድና ጄኔራል ሞተርስ በመቶዎች ዋት የሚቆጠር ኃይል የሚሰጡ ናሙናዎችን በመኪና ላይ ገጠሙ።

ወደ ገበያ ግን አልወጡም። በጭሱ መንገድ ላይ የተሠካው መሣሪያ ጭሱን ገትቶ ሞተሩን ያደክማል። ክብደት ይጨምራል። መኪናው ሲነሣና ሲቆም ቁሱ እየተለጠጠና እየተኮማተረ ይሰነጠቃል። ቀዝቃዛውን ገጽ ለማቀዝቀዝ ራዲያተሩ ተጨማሪ ሸክም ይሸከማል። በከተማ ትራፊክ ደግሞ ማርሚታው ብዙም አይሞቅም፤ የሙቀት ልዩነቱ ሲያንስ የሚወጣው ኤሌክትሪክም ያንሳል፤ ይህ የተፈጥሮ ሕግ ስለሆነ በብልሃት አይታለፍም። በቢስሙዝ ቴሉራይድ ውስጥ ያለው ቴሉሪየም ደግሞ ብርቅ ንጥረ ነገር ነው። በመሐሉ ማርሚታ የሌለው የኤሌክትሪክ መኪና መጣ። ለዓመታት በናሳ ጄኔሬተሮች ላይ የሠራው ክሮኒን ቫይኒንግ በ2009 በታዋቂ የሳይንስ መጽሔት ላይ ቴርሞኤሌክትሪክ ትልልቅ ሞተሮችን አይተካም ብሎ ሲጽፍ ብዙዎችን አስከፋ። እኔ ግን እውነቱን የተናገረው እሱ ነው እላለሁ።

ዘርፉ በዚያ አልሞተም። በ2014 የኖርዝዌስተርን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ቲን ሴሌናይድ የተባለ ውሕድ በከፍተኛ ሙቀት ከቀደሙት ሁሉ የላቀ ውጤት እንደሚሰጥ አሳዩ። በጃፓን አንድ የብረት ፋብሪካ ከቀለጠ ብረት በሚወጣ የጠፍጣፋ ብረት ግለት 10 ኪሎዋት ያህል አመነጨ። በካናዳና በሌሎች አገሮች ሰው በማይደርስበት የጋዝ ቧንቧ መስመር ላይ ጋዙን ራሱን ጥቂት በጥቂት እያነደዱ ለዓመታት የሚሠሩ ጄኔሬተሮች ቆመዋል። ሁሉም አንድ ነገር ይመሰክራሉ፦ ሰው ቆሞ ሊጠብቀው በማይችልበት፣ የሚሽከረከር ማሽን በማይዘልቅበት ቦታ ይህ ዘዴ አቻ የለውም፤ ከዚያ ውጭ በዋጋ ይሸነፋል።

ለእኛ አገር የሚቀርበው ምድጃው ነው። አብዛኛው የገጠር ቤተሰብ በእንጨትና በኩበት ያበስላል፤ ጭሱን የሚጠጡት እናቶችና ሕፃናት ናቸው። ባለፉት ዓመታት በዓለም ገበያ የወጡ አንዳንድ ምድጃዎች ከጎናቸው ትንሽ የቴርሞኤሌክትሪክ ሰሌዳ አላቸው፤ ከራሱ ከእሳቱ በሚገኘው ኮረንቲ ትንሽ ማራገቢያ ይዞራል፣ አየር ሲገባለት እሳቱ በደንብ ይነድዳል፣ ጭሱም ይቀንሳል። ስልክ ለመሙላት ብቻ ከሆነ የፀሐይ ሰሌዳ ይረክሳል፤ ያን መካድ አይገባም። ጭስን ለመቀነስ ግን ሐሳቡ ሊጠና የሚገባው ነው፤ ጥናቱም በእኛው ምድጃ፣ በእኛው ማገዶ መደረግ አለበት።

የፊዚክስ መምህራን ሆይ፣ ለተማሪዎቻችሁ ይህን ለማሳየት ከውጭ የሚመጣ ዕቃ አትጠብቁ። በየቢሮው ተበላሽተው ከሚጣሉ ትንንሽ የውኃ ማቀዝቀዣዎች በብዙዎቹ ውስጥ ሁለት ሽቦ የወጣለት ነጭ የሸክላ ሰሌዳ አለ፤ የፔልቲዬ ሰሌዳ ማለት እሱ ነው። አውጡት፤ አንዱን ገጽ የፈላ ውኃ የያዘ የብረት ኩባያ፣ ሌላውን ቀዝቃዛ ውኃ የያዘ ኩባያ አስነኩት፤ ሽቦዎቹን ከቮልት መለኪያ ጋር አገናኙ። በቀጥታ እሳት ላይ ግን አታኑሩት፤ ውስጡ ያለው ብየዳ ይቀልጣል። ቁጥሩ ሲወጣ ተማሪዎቹ ራሳቸው ያንብቡት፤ ከዚያም ቀዝቃዛው ውኃ እየሞቀ ሲሄድ ቁጥሩ ለምን እንደሚወርድ ጠይቋቸው።